የትኛውን ልምምድ እንምረጥ? ለወሎ ወረዳዎች፣ ከተሞችና ቀበሌዎች የአደጋ ዝግጁነት ልምምዶች ንጽጽር

የወረዳ በጀት ሰኔ 30 ይዘጋል። ለአደጋ ዝግጁነት ተብላ የተያዘች ገንዘብ ካለች ብዙ ጊዜ የምትታወሰው ግንቦት መጨረሻ ላይ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ የሚመረጠው ዓይን የሚሞላው ልምምድ ነው፦ ሳይረን የሚያሰማ አምቡላንስ፣ ቀይ ቀለም የተቀቡ ወጣቶች፣ ቃሬዛ፣ የክብር እንግዳ። ልምምዱ ባለቀ በሳምንቱ ክረምቱ ይገባል፤ የታየውን ክፍተት ለማረም ቀን አይተርፍም።

የማስመሰል ልምምድ አራት ዋና ዋና ዓይነት አለው። የጠረጴዛ ዙሪያ ልምምድ ኃላፊዎች ተቀምጠው በአንድ የአደጋ ታሪክ ላይ የሚወስኑበት ነው። የነጠላ ተግባር ልምምድ፣ ብዙዎች ድሪል የሚሉት፣ አንድን ሥራ ብቻ ነጥሎ ይፈትናል። የማስተባበሪያ ማዕከል ልምምድ የአደጋ ግብረ ኃይሉን ከሰዓት ጋር እየተፋጠጠ ያሠራዋል፤ ተሽከርካሪ ግን አይንቀሳቀስም። የመስክ ልምምድ ሰውም መኪናም ዕቃም ወደ ቦታው የሚወጣበት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያም የሚከፍላቸው በዚሁ መንገድ ነው። ብዙ ሰው እንደ ደረጃ መወጣጫ አድርጎ ያያቸውና የመጨረሻው የተሻለ ይመስለዋል። እኛ የምንለው ሌላ ነው፤ እያንዳንዱ የሚመልሰው ጥያቄ የተለየ ስለሆነ ምርጫው ከጥያቄው መነሳት አለበት። ለአብዛኞቹ የወሎ ወረዳዎች ደግሞ የመጀመሪያው ብር መዋል ያለበት በአንድ የሌሊት የስልክ ጥሪ ሙከራና በአንድ በቅጡ በተዘጋጀ የጠረጴዛ ዙሪያ ልምምድ ላይ ነው።

ከመምረጥ በፊት፦ የማናውቀው ምኑን ነው?

አደጋ ሲደርስ ማን ምን እንደሚወስን በግልጽ ካልተለየ መልሱ የጠረጴዛ ዙሪያ ነው። ውሳኔው ተለይቶ፣ ሰዎቹ ያንን አንድ ሥራ በተባለው ደቂቃ መሥራት መቻላቸው ካጠራጠረ ድሪል ነው። ጤናም፣ ውሃም፣ ፖሊስም፣ ግብርናም ለየብቻቸው ደህና ሠርተው አንድ ላይ ሲሆኑ መረጃ የሚጠፋባቸው ከሆነ የማዕከል ልምምድ ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ተፈትኖ አልፎ፣ የቀረው ጥርጣሬ ርቀቱ፣ ዳገቱና የተጎጂው ብዛት ያሸንፈን ይሆን የሚል ሲሆን ብቻ የመስክ ልምምድ ወጪው ይገባዋል።

የተጻፈ ዕቅድ የሌለው ወረዳ ከጠረጴዛ ዙሪያ ውጭ ሌላ ልምምድ ቢያደርግ ገንዘቡ ይባክናል። የሚፈተን ነገር በሌለበት ያለፈውንና የወደቀውን መለየት አይቻልም።

የሌሊት የስልክ ጥሪ ሙከራ፦ ርካሹና ብዙ የሚያጋልጠው

ይህ ከድሪል ዓይነቶች አንዱ ነው፤ የሚያስፈልገው የአየር ሰዓት፣ አንድ ወረቀትና አንድ ሰዓት የሚቆጥር ሰው ነው። ቀኑ ለግብረ ኃይሉ አይነገርም፤ ለአስተዳዳሪውና ለፖሊስ አዛዡ ብቻ በቅድሚያ ይነገራል። እሑድ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ጥሪው ይጀመራል። አንድ ሰው ለ5 ይደውላል፤ አምስቱ ደግሞ እያንዳንዳቸው ለ5 ይደውላሉ፤ በሁለት ዙር 30 ሰው ይደረሳል። መልእክቱ አጭር ናት፦ «ልምምድ፣ ልምምድ፣ ልምምድ፤ አሁን የት ነህ? ማዕከሉ ለመድረስ ስንት ደቂቃ ይፈጅብሃል? ልምምድ፣ ልምምድ፣ ልምምድ።»

መዝጋቢው ለእያንዳንዱ ስም አራት ነገር ይጽፋል፦ በስንተኛው ሙከራ ተነሳ፣ በስንት ሰዓት፣ ሰውዬው አሁንም ያ ኃላፊነት አለው ወይ፣ የሰጠው የመድረሻ ጊዜ ስንት ነው። ሦስተኛው ዓምድ ላይ ብዙ ጉድ ይወጣል። ዝርዝሩ የተሠራው ከዓመት በፊት ሆኖ ከስሞቹ የተወሰኑት በዝውውር ሌላ ወረዳ ሄደዋል፤ ስልኩ የግለሰቡ እንጂ የወንበሩ አይደለምና አብሮ ሄዷል። ሌላው ድክመት ከሰንሰለቱ አሠራር የሚመጣ ነው። ከመጀመሪያዎቹ አምስት አንዱ ስልኩን ካላነሳ ከሥሩ ያሉት አምስቱም ሳይሰሙ ያድራሉ። ስለዚህ ለእያንዳንዱ አንጓ ተተኪ ይሰየማል፤ ደዋዩም ሁለት ጊዜ ሞክሮ ካጣ ወደ ተተኪው ይሻገራል እንጂ ሦስተኛ አይሞክርም።

ይህ ሙከራ ካለፈ በሚቀጥለው ጊዜ ይጠንክር፤ የኔትወርክ መቋረጥ ይጨመርበት። መብራት ጠፍቶ የስልክ ማማው ባትሪ ሲያልቅ ስልኩ ሁሉ ዝም ይላል፤ ያኔ መልእክት የሚያደርሰው ሞተር ሳይክል፣ ባጃጅና እግረኛ ነው። ቀበሌ ላይ ደግሞ ቅሬ፣ የወሎው ዕድር፣ አለ። ለለቅሶ ሰው የሚጠራበት መንገድ ከየትኛውም የመንግሥት ሰንሰለት ፈጥኖ ጎጡን ያዳርሳል። የመስጊዱ ድምፅ ማጉያና የቤተ ክርስቲያኑ ደወልም አሉ። እነዚህን በዕቅዱ ላይ በስም ያላሰፈረ የቅድመ ማስጠንቀቂያ ሰንሰለት ግማሹ የጎደለ ነው።

የጠረጴዛ ዙሪያ ልምምድ፦ በደንብ ከተመራ

ከ8 እስከ 15 ተሳታፊ፣ አንድ አወያይ፣ ሁለት መዝጋቢ፣ ሦስት ሰዓት፣ አንድ ትልቅ ካርታ። ካርታው በእጅ የተሳለ ቢሆንም ወንዙ፣ ድልድዩ፣ ጤና ጣቢያውና ትምህርት ቤቱ ካሉበት ይበቃል። ዝግጅቱ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ይወስዳል፤ ትልቁ ሥራ ታሪኩንና ከአምስት እስከ ሰባት የሚሆኑ መልእክቶችን መጻፍ ነው።

ለራያ ቆቦ ሜዳ የሚሆን አንድ ምሳሌ እንይ። ነሐሴ ነው፤ ከምሽቱ 2 ሰዓት። በላይኛው ደጋ ከቀትር ጀምሮ ዘንቧል፤ ጎሊና ወንዝ ከዳርቻው መውጣቱን አንድ የቀበሌ ሊቀ መንበር ደውሎ ተናገረ። ጥያቄው፦ ይህን መረጃ ማን ያጣራል? ሰዎች ይውጡ ብሎ የሚያዝስ ማን ነው? ሁለተኛው መልእክት ከ40 ደቂቃ በኋላ ይመጣል፦ ከቆቦ ወደ ወልድያ የሚወስደው መንገድ አላውሃ ላይ ተዘግቷል። አሁን ሪፈር የተጻፈላት ወላድ የት ትሄዳለች? ሦስተኛው፦ 600 ሰው በአንድ ትምህርት ቤት ተጠልሏል። ስፊር በሚባለው ዓለም አቀፍ የሰብዓዊ ዕርዳታ መስፈርት ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ውሃ ያስፈልጋል፤ 9,000 ሊትር ማለት ነው። መጸዳጃ ቤት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ለ50 ሰው አንድ፣ ስለዚህ 12፤ ቆይታው ሲረዝም ለ20 ሰው አንድ፣ ስለዚህ 30። ቦቴው ከየት ይመጣል? የነዳጅ ማዘዣውን በዚህ ሰዓት ማን ይፈርማል? የመጋዘኑ ቁልፍ ማን ዘንድ ነው ያደረው? ልምምዱ ፍሬ የሚሰጠው እዚህ ቁልፉና ፊርማው ላይ ሲደርስ ነው።

አወያዩ ሁለት ነገር በብርቱ መከላከል አለበት። አንደኛው «የሚመለከተው አካል ያደርገዋል» የሚለው መልስ ነው። ይህ መልስ በመጣ ቁጥር ሦስት ጥያቄ ይከተለዋል፦ ማን? በምን ስልክ? በስንት ደቂቃ? ስም ካልተጠራ ጉዳዩ በመዝጋቢው ወረቀት ላይ «ባለቤት የሌለው» ተብሎ ይጻፋል። ሁለተኛው የሥልጣን ክብደት ነው። አስተዳዳሪው ቀድመው ከተናገሩ ሌላው ይስማማል፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የምታውቀውን መንገድ መዘጋት ሳትናገር ትወጣለች። መፍትሔው ቀላል ነው፤ እያንዳንዱ መልእክት ሲነበብ ሁሉም በሦስት ደቂቃ ውስጥ መልሱን በወረቀት ይጽፋል፤ ንባቡ ከቀበሌ ጀምሮ ወደ ላይ ይሄዳል።

ገደቡም ይታወቅ። ወረቀት ላይ አምቡላንስ ሁልጊዜ ነዳጅ አለው፤ ሹፌሩም ሁልጊዜ ስልኩን ያነሳል። የጠረጴዛ ዙሪያ ልምምድ ውሳኔን ይፈትናል፤ አቅምን ግን አያሳይም።

የማዕከል ልምምድ፦ ለዞንና ለትልልቅ ከተሞች

ይህኛው ለደሴ፣ ለኮምቦልቻ፣ ለወልድያና ለዞን መምሪያዎች እንጂ ለትንሽ ወረዳ ብዙም አይመከርም። ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ይቆያል፤ ከ25 እስከ 40 መልእክት በስልክ፣ በደብዳቤና በቴሌግራም ይገባል፤ በሌላ ክፍል የተቀመጡ ሦስት ወይም አራት ሰዎች ክልሉን፣ ቀበሌውን፣ ጋዜጠኛውን፣ የተጎጂ ቤተሰቡን ሆነው ይናገራሉ። የሚፈትነው መዝገብ አያያዝን፣ የፈረቃ ርክክብንና ጫና ሲበዛ ቅደም ተከተል ማውጣትን ነው። ከሁሉ የሚከፋው ስህተት ተጫዋቹ በልማድ እውነተኛውን ሆስፒታል ወይም ክልሉን መደወሉ ነው። ለልምምዱ ብቻ የሚያገለግል የስልክ ዝርዝር በየጠረጴዛው መቀመጥ አለበት፤ የእውነተኛው ዝርዝር ይሸፈናል። መሃል ላይ መብራቱን ሆን ብሎ ማጥፋት ጥሩ ሙከራ ነው።

የመስክ ልምምድ፦ መቼ ይገባዋል፣ ምን ይበላሻል

ዝግጅቱ ወራት ይወስዳል፤ ነዳጅ፣ ውሎ አበል፣ ምሳ፣ የተጎጂ ሚና የሚጫወቱ ሰዎች፣ የደህንነት ተቆጣጣሪ፣ ገምጋሚ ይፈልጋል። ግን በሌላ መንገድ የማይገኝ መልስ ይሰጣል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ያለውን 25 ኪሎ ሜትር ገደማ የሐረጎ ቁልቁለት እናስብ። አንድ የሕዝብ ማመላለሻ አውቶቡስ ከመንገድ ወጥቷል፤ 24 ተጎጂ አለ። አምቡላንሱ በአንድ ጊዜ ስንት ሰው ይጭናል? በምልልስ መሃል ስንት ደቂቃ ያልፋል? መንገዱ በተመልካች መኪና ሲዘጋ ማን ይከፍተዋል? ይህን በጠረጴዛ ላይ መገመት እንጂ ማወቅ አይቻልም።

ተጎጂዎችን በጉዳታቸው ክብደት በቀለም መለየት የልምምዱ እምብርት ይሁን። በሰፊው የሚሠራበት ስታርት የሚባለው ዘዴ ነው። መራመድ የሚችል ሁሉ አረንጓዴ፣ ማለትም ቀላል ተጎጂ ነው። የአየር መንገዱ ተከፍቶለትም የማይተነፍስ ጥቁር፣ ማለትም እንደ ሞተ የሚቆጠር ነው። በደቂቃ ከ30 በላይ የሚተነፍስ፣ ጥፍሩ ተጭኖ ሲለቀቅ ደሙ ለመመለስ ከ2 ሰከንድ በላይ የሚወስድበት፣ ወይም «እጄን ጨብጥ» ሲባል የማይታዘዝ ቀይ፣ ማለትም ቅድሚያ የሚሰጠው ነው። የቀረው ቢጫ፣ ማለትም ከቀዩ ቀጥሎ የሚታይ ነው። ለአንድ ሰው ከአንድ ደቂቃ በታች ይበቃል። ለእያንዳንዱ ተዋናይ እነዚህ ቁጥሮች የተጻፉበት ካርድ በአንገቱ ይንጠልጠልለት፤ ካርዱ ከሌለ ለዪው የሚያየው የተዋናዩን ጩኸት ነው፤ ጩኸት ደግሞ ያሳስታል። ብዙ የሚጮኸው አረንጓዴው ነው፤ ቀዩ ዝም ይላል።

ሆስፒታሉ በር ላይም ገምጋሚ ይቁም። በእውነተኛ አደጋ ቀድመው የሚደርሱት ቀላል ተጎጂዎች ናቸው፤ በባጃጅና በግል መኪና ይመጣሉ፤ አልጋውንም ሐኪሙንም ይይዛሉ፤ ከባድ ተጎጂዎቹ በአምቡላንስ ሲደርሱ ቦታ የለም። ልምምዱ አረንጓዴዎቹን በአምቡላንስ ካመጣቸው ሆስፒታሉ የተፈተነው በማይደርስበት ነገር ነው።

የማይጣስ አንድ ሕግ አለ። በወረዳው ያለው አምቡላንስ አንድ ብቻ ከሆነ ከልምምዱ ይውጣ። የእኛ ወረዳዎች አምቡላንስ ዕለት ተዕለት የሚያመላልሰው ወላዶችን ነው፤ ለልምምድ ሲባል አንዲት እናት መንገድ ላይ መቅረት የለባትም። በምትኩ ፒክ አፕ መኪና «አምቡላንስ» ተብሎ ይሰየም፤ ልምምዱ ምንም አይጎድልበትም።

ወጪውን ለመጋራት የሚረዳ መንገድም አለ። የዓለም አቀፍ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት መስፈርት ኤርፖርቶች ሙሉ የአደጋ ልምምድ ከሁለት ዓመት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ፣ በመሃሉ ባለው ዓመት ደግሞ ከፊል ልምምድ እንዲያደርጉ ይላል። ላሊበላም ኮምቦልቻም ኤርፖርት አላቸው። በዙሪያቸው ያሉ ሆስፒታሎች፣ የእሳት አደጋ ሠራተኞችና የቀይ መስቀል ቅርንጫፎች የራሳቸውን የመስክ ልምምድ ከማሰናዳታቸው በፊት ኤርፖርቱ ቀጣዩን መቼ እንደሚያደርግና ምን ሚና ሊሰጣቸው እንደሚችል ይጠይቁ።

በአደጋው ዓይነት ሲታይ

ድርቅ። ለድርቅ የመስክ ልምምድ ዋጋ የለውም። ቀስ ብሎ የሚመጣ አደጋ ነውና የሚሆነው ጊዜ የሚዘልል የጠረጴዛ ዙሪያ ነው፤ አንዱ መልእክት የካቲት፣ ቀጣዩ ሚያዝያ፣ ሦስተኛው ሐምሌ። ወሎ በ1965 እና 66፣ ኋላም በ1977 ዓ.ም. ያለቀበት ረሃብ ምልክት ሳያሳይ የመጣ አልነበረም፤ የታየው ምልክት በጊዜው ወደ ውሳኔ አልተለወጠም። ስለዚህ ልምምዱ የሚፈትነው መቀስቀሻውን ነው። የበልግ ዝናብ በዋድላ፣ በደላንታ፣ በለጋምቦ ቀረ፤ የበግ ዋጋ ወደቀ፤ ክንድ ሲለካ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች የሆኑ፣ ማለትም ምግብ በጠና የጎደላቸው፣ ከ5 ዓመት በታች ሕፃናት በጤና ኬላ መብዛት ጀመሩ። በየትኛው ምልክት ላይ ማን ምን ይፈርማል? ተሳታፊው «ተጨማሪ ጥናት እናድርግ» ካለ አወያዩ የቀን መቁጠሪያውን በአንድ ወር ይገፋዋል። ያ አንድ ወር በሕፃናቱ ላይ ምን እንደሚያመጣ በሚቀጥለው መልእክት ላይ ይታያል።

የመሬት መንሸራተትና ናዳ። ደሴ በጦሳ ተራራ ግርጌ ተቀምጣለች፤ በደጋው ወረዳዎችም ገደል ሥር የተሠራ መንደር ብዙ ነው። እዚህ የሚበጀው የቀበሌ የማስወጣት ድሪል ነው። የሚለካው የወጣቱ ሩጫ አይደለም፤ በምርኩዝ የሚሄዱት አዛውንት፣ ነፍሰ ጡሯና ሦስት ልጅ የያዘችው እናት መሰብሰቢያው የሚደርሱበት ደቂቃ ነው። መሰብሰቢያው ከዳገቱ ሥርም ከወንዝ መውረጃም ውጭ ይሁን። መጀመሪያ በቀን፣ ቀጥሎ አመሻሽ ላይ ይደረግ። አንድ ነገር ፈጽሞ አይረሳ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን በደረሰው አደጋ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት የተሰበሰቡ ሰዎች በተከታዩ ናዳ ተቀብረዋል። የወገን ጩኸት ሰምቶ መሮጥ የእኛም ሕዝብ ጠባይ ነው፤ ስለዚህ ድሪሉ ውስጥ ዳገቱን ብቻ የሚያይ አንድ ጠባቂ ይመደብ፤ እሱ ጥሩንባ ሲነፋ ቆፋሪው ሁሉ ዶማውን ጥሎ መውጣትን ይለማመድ።

የመሬት መንቀጥቀጥ። በ1953 ዓ.ም. ካራቆሬንና ማጀቴን የመታው መንቀጥቀጥ ከከሚሴ ብዙም ሳይርቅ ነው የደረሰው፤ የአዋሽ ፈንታሌው የ2017 ዓ.ም. መንቀጥቀጥም ገና ከአእምሮ አልጠፋም። ለትምህርት ቤት የአምስት ደቂቃ ድሪል ይበቃል፤ በየሴሚስተሩ ግን ይደገም። ጠንካራ ግንባታ ውስጥ ያለ ተማሪ ዝቅ ይላል፣ ዴስክ ሥር ይገባል፣ የዴስኩን እግር ይይዛል፤ ሲቆም ተሰልፎ ይወጣል፤ መምህሩ በስም ይቆጥራል። ከድንጋይና ከጭቃ በተሠራ፣ ፎቅ በሌለው ክፍል በሩ አጠገብ ላለ ግን በጥቂት ሰከንድ ወደ ገላጣ ቦታ መውጣት ይሻለዋል። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ ክፍሎቹን አስቀድሞ በሁለት ይመድብ። ዘወትር የሚታየው ችግር በር ላይ መጨናነቅ ነው፤ ወደ ውስጥ የሚከፈት በር ደግሞ ያባብሰዋል።

ኮሌራ። ሁለት አጫጭር ድሪሎች ከአንድ ትልቅ ልምምድ ይበልጣሉ። አንደኛው ክሎሪን መበጥበጥ ነው፦ 70 በመቶ ጥንካሬ ካለው ዱቄት 150 ግራም በ20 ሊትር ውሃ ለዕቃና ለወለል የሚሆነውን 0.5 በመቶ ይሰጣል፤ 15 ግራም በ20 ሊትር ደግሞ ለእጅ የሚሆነውን 0.05 በመቶ። ሠራተኛው ያለ ማስታወሻ ይበጥብጥ፤ ሁለቱን የሚያምታታ ሰው አይጠፋም፤ ጀሪካኑ ላይ በጉልህ መጻፍ የሚጀመረውም ያኔ ነው። ሁለተኛው በጠና የደረቀ ታካሚን መለየትና በደም ሥር የሚሰጠውን ፈሳሽ፣ የሪንገር ላክቴትን፣ መጠን ማስላት ነው፦ ለአዋቂ 30 ሚሊ ሊትር በኪሎ በመጀመሪያው 30 ደቂቃ፣ 70 ሚሊ ሊትር በኪሎ በቀጣዩ ሁለት ሰዓት ተኩል። የ50 ኪሎ ታካሚ 5 ሊትር ይፈልጋል። በመደርደሪያው ላይ ስንት ሊትር አለ? መልሱ ስንት ታካሚ ማከም እንደሚቻል ወዲያው ይናገራል።

ቀኑና ጥንቃቄው

ለክረምት ጎርፍና ናዳ ልምምዱ እስከ ሚያዝያ አጋማሽ ይጠናቀቅ፤ ለማረም ሁለት ወር ይተርፋል። የበልግ ጎርፍ ላለበት ቆላ ከጥር አይለፍ። የገበያ ቀን ይከበር፤ ባቲ ላይ ሰኞ ምንም አይታሰብ። ረመዳን ከሰዓት በኋላ፣ የጁምዓ ሰዓት፣ የፋሲካ ሰሞን፣ ሁሉም ከሃይማኖት አባቶች ጋር አስቀድሞ ይታይ።

ወሎ በ2013 እና 2014 ዓ.ም. ጦርነት አልፎበታል። ስለዚህ በልምምድ ላይ የፍንዳታ ድምፅ፣ ጥይት፣ ያልተነገረ ሳይረን አይፈቀድ። ከሌሊቱ የስልክ ጥሪ ሙከራ በቀር ልምምዱ ሦስት ቀን ቀድሞ በመስጊድ፣ በቤተ ክርስቲያን፣ በቅሬ ስብሰባና በመኪና ድምፅ ማጉያ ይነገር። እያንዳንዱ የስልክና የጽሑፍ መልእክት «ልምምድ፣ ልምምድ፣ ልምምድ» ብሎ ጀምሮ በዚያው ይጨርስ። እውነተኛ አደጋ መሃል ላይ ቢደርስ ሁሉን የሚያቆም አንድ ቃል አስቀድሞ ይመረጥ፤ ያንን ቃል ለመናገር ለማንም የማዕረግ ፈቃድ አያስፈልግ።

ከልምምዱ በኋላ

ተሳታፊው ሳይበተን፣ ሻይ እየተጠጣ፣ 30 ደቂቃ ይነጋገር፤ ሦስት ጥያቄ ይበቃል፦ ምን ሠራ፣ ምን አልሠራም፣ ምን ይለወጥ። ገምጋሚዎች ሐሳብ ሳይሆን የጻፉትን ሰዓት ያነባሉ፦ ትእዛዙ 3፡10 ወጣ፣ ቀበሌው የሰማው 3፡52። ሪፖርቱ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይውጣ፤ ከአምስት በላይ የማስተካከያ ነጥብ አይያዝ። እያንዳንዱ ነጥብ የአንድ ሰው ስም፣ ቀንና የበጀት መስመር ይኑረው፤ በጀት የማይጠይቁት፣ እንደ ስልክ ዝርዝርና የቁልፍ ተተኪ ያሉት፣ በዚያው ሳምንት ይዘጉ። ከሦስት ወር በኋላ ያልሠራችው አንዲት ነገር ብቻ በአጭር ድሪል ትፈተን፤ ከ3፡10 እስከ 3፡52 የነበረው 42 ደቂቃ ስንት እንደ ደረሰ ይለካ።